ዘይቱ እስከ ካምባ አልፈላም

ስሙኝማ፤ የያዛችሁትን አስቀምጡና ይቺን ስሙኝ። ካምባን አብዛኞቻችሁ አታውቁትም፣ ልትሄዱበትም አታስቡም፤ መንገዱ ወገብ ይበላል። እኔ ግን ሄጄ መጥቻለሁ። በመኪና እንዳይመስላችሁ። ከእኔ በዕድሜ በምትበልጥ፣ በገዛ እጄ ፈትቼ በገጠምኳት ሞተር ነው የሄድኩት።

በረከት እባላለሁ። አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ ሸራ ወጥሬ ሞተር ሳይክል እሠራለሁ። ትምህርት አስረኛ ክፍል ላይ በቃህ አለኝ፣ እኔም በቃኸኝ አልኩት። ሞተሬ ዱሮ የወባ መድኃኒት ረጪዎች የሚነዷት ነበረች። ቁራሌው በኪሎ ሊወስዳት ሲል ነው ከእጁ ያስጣልኳት። ፒስተኗን በትልቅ ቀየርኩት፣ ካርቡራተሯንም እንደዛው። ጉልበቷ ጨመረ። ጉልበት ሲጨምር ግን ሙቀትም ይጨምራል። ይቺ ሞተር የውሃ ራዲያተር የላትም፤ የሚያቀዘቅዛት ንፋስና ዘይት ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ እንደ ውሃ ይሆናል፣ ብረት ከብረት ይገናኛል። ከዛ ፒስተኑ ይጣበቅና "ሞተሩ ነከሰ" ይባላል። በቃ፣ ለቅሶ ነው።

ስለዚህ ከተገለበጠ ፒካፕ ላይ ትንሽዬ የዘይት ማቀዝቀዣ ፈታሁ። ዘይቱ ወደ ቴስታታው፣ ማለት ወደ ሞተሩ ጭንቅላት የሚወጣበትን መንገድ ጠለፍኩና በጎማ ቱቦ በማቀዝቀዣው በኩል አዞርኩት። ከአሮጌ የጭነት መኪና የሙቀት ጌጅ አምጥቼ መሪው ላይ አሰርኩ። መርፌው ሰማንያና መቶ አስር መሃል ከሆነ ሞተሯ ደስ ብሏታል። መቶ ሠላሳ ካለፈ ጸሎት ጀምሩ። ሜዳውን እስከ ምዕራብ ዓባያ ደርሼ ስሞክራት ከመቶ አምስት አልዘለለችም።

አሁን ነገሩ ወዲህ ነው። ላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ዘጠኝ ሞተር ተኝቷል። ለገጠር ሠራተኞች የተሰጡ ነበሩ። ዘጠኙም ወደ ካምባ የሚያወጣውን የገረሴን ዳገት ሲወጡ ነክሰው ነው የመጡት። ኃላፊው ጋ ገብቼ "እኔ አነሳቸዋለሁ፤ ለእያንዳንዳቸውም ማቀዝቀዣ እገጥማለሁ" አልኩት። ሠራተኞቹን ጠርቶ እያሳቀ፣ "ያቺ ቁርጥራጭ ብረትህ ሰው ጭና ካምባ ደርሳ ከተመለሰች ዘጠኙንም አንተ ትሠራለህ። ቃሌ ነው" አለ። ዘጠኝ ሞተር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ከሸራ ወጥቶ ጋራዥ መግባት ማለት ነው። "ያ ሸራ ሥር ያለው ልጅ" መባል ቀርቶ በስም መጠራት ማለት ነው።

"ምስክርስ?" አለ ኃላፊው። ራሱ መልሶ የንብረት ክፍሉን ጋሽ ምትኩን ጠቆመ። ጋሽ ምትኩ ጎጃም ተወልዶ አርባ ምንጭ ያረጀ፣ ጡረታው የደረሰ፣ ኪሎውም የደረሰ ሰውዬ ነው።

ሐሙስ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ጋሽ ምትኩ ኮት ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ አንጠልጥሎ ሸራዬ ጋ መጣ።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት፣ ጋሼ።"

"የቀረው ዕቃዋ ከኋላ ይመጣል?"

ማቀዝቀዣውን በጃንጥላው ጫፍ ነካ አድርጎ "ይሄስ?" አለ። "የዘይት ማቀዝቀዣ ነው" ስለው "ፍሪጅ አላት በለኛ!" ብሎ ብቻውን ሳቀ። ከዛ ደብተር አወጣ። በቆምንበት ሁሉ መርፌው ያለበትን ሊጽፍ ነው።

በሲሌ በኩል ሙዙን በግራ በቀኝ እያየን ሄድን። ሙዝ ለማታውቁ፦ እኛ ጋ ሙዝ እንደ እናንተ ሱቅ ላይ የሚንጠለጠል ነገር አይደለም፤ ጫካ ነው፣ ጥላ ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። መርፌው ዘጠና አምስት። ጋሽ ምትኩ ጻፈ። ከሲሌ አለፍ ብለን ወደ ቀኝ ታጠፍንና ዳገቱ ጀመረ። አቦ! ዳገት ብላችሁ የምታውቁትን እርሱት። በአንደኛ ማርሽ፣ ቢበዛ በሁለተኛ፣ ድንጋይ ለድንጋይ። ፍጥነት ስለሌለ ንፋስ የለም፤ ንፋስ ስለሌለ ማቀዝቀዣውም ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። መቶ አስራ ሁለት። መቶ አስራ ስምንት። ጋሽ ምትኩ በትከሻዬ ላይ እያየ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ራሱ ያሞቃል።

አንድ ጅረት ጋ ሁለት ነጋዴዎች ሞተራቸው ሞቆባቸው በጀሪካን ውሃ ሊደፉበት ሲሉ ደረስን።

"ተው! ቴስታታው ይሰነጠቃል!" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ ማነህ፣ የፋብሪካው ልጅ?" አለ አንደኛው፣ ደፋበትም። ጭስ የመሰለ እንፋሎት ወጣ። ጋሽ ምትኩ ለምን እንደጮህኩ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ የፈላ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ላይ የበረዶ ውሃ ቢደፉበት ምን ይሆናል?"

"ሚስቴ ትቆጣለች" አለ። ግን ገብቶታል፤ ዞር ብሎ ሰዎቹን በሐዘን አያቸው። እኔ የማደርገው ሌላ ነው፦ ንፋስ ያለበት መታጠፊያ ላይ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አዙሬ፣ ሳላጠፋት፣ በቀስታ እያንኳኳች አቆማታለሁ፤ ዘይቱ እየዞረ ይበርዳል። አምስት ደቂቃ፣ መቶ አምስት። እንቀጥላለን።

አንድ ኩርባ ላይ ጋሽ ምትኩ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ቁጥር ስድስት እዚህ ነው የሞተችው። በጭነት መኪና ያስወረድኳት እኔ ነኝ።" ትንሽ ወጣ ስንል፣ "ቁጥር ሁለት እዚህ።" መቃብር የሚያስጎበኝ ነበር የሚመስለው። በኩርባዎቹ ሁሉ አለፍን። ከፍተኛው መቶ ሃያ ሁለት። ደረቴ ከመሪው በፊት ይሄድ ነበር።

እንዲህ እያረፍን ሲመሽ ገረሴ ልንገባ ስንል ጉም ዋጠን። መርፌው መውረድ ጀመረ። ዘጠና፣ ሰባ፣ ስልሳ! "ጋሼ፣ ጻፉ! ስልሳ ይበሉ!" እያልኩ ጮህኩ። እንግዲህ አርባ ምንጭ ያደገ ሰው ነኝ። ሌሊት አንሶላ በውሃ ነክሮ የሚተኛ ሰው፣ ብርድ ክፉ ነው ቢሉት በየት በኩል ይገባዋል?

አልጋ ቤት ልንፈልግ ስንል ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ዱቄት የለበሰ ሰውዬ አስቆመን። ጋሼ ጎዳና ይባላል፣ የወፍጮው ባለቤት ነው። ሞተሯን ዞሮ ዞሮ አያትና "ሳሮ! ሳሮ!" አላት፤ በጋሞኛ ሰላም ማለቱ ነው፣ ለሞተሯ። "ይቺን አውቃታለሁ! እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችንን ሊረጩ የመጡት በይቺ ነው። እናቴ መድኃኒቱን ሸሽታ ጓሮ ስትደበቅ ያሳደዷት በይቺ ነው!" ብሎ ሳቀና ዕቃችንን ከላይዋ መፍታት ጀመረ። አልጋ ቤት እንሄዳለን ብንል ማን ሰምቶን። ሚስቱ እትዬ አስቴር ቆጮ በዳጣና በወተት አቀረበች። እኛ ጋ በዚህ ሰዓት አሳ ለብለብ በሚጥሚጣ እየበላን ላባችንን እንጠርጋለን፤ እዛ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሁለት ሁለት ቡሉኮ ደረቡልን። ጋሽ ምትኩ ቡሉኮውን እስከ አፍንጫው ስቦ "ጎጃም የገባሁ መሰለኝ" አለና ወዲያው አንኮራፋ።

ዓርብ። ይሄን ቀን ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት አላውቅበትም።

ጠዋት ጉሙ ደጅ ላይ ቆሟል። አስነሳኋት። መርፌው ከታች አልነቃነቅ አለ። ሰው ተሰብስቦ ያያል፣ እኔም ድምጿን ላሰማቸው ፈለግኩ፣ ጋዙን ሳብ አደረግኩት። እኛ ጋ ዘይት ሌሊቱንም ሞቆ ነው የሚያድረው፤ ጠዋት ብትስባት ችግር የለም። እዚህ ግን ዘይቱ እንደ ማር ረግቶ አድሯል። በዛ ቀጭን ማቀዝቀዣ ውስጥ አልገባ ሲል ግፊቱ ቱቦውን ከማሰሪያው ነቀለው። ጷ! ዘይቱ የጋሼ ጎዳናን ደጅ ሞላው። ቶሎ አጠፋኋት። የዘይቱን ክዳን ብከፍት ከውስጡ ማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነጭ ነገር ይዟል። ውሃ! ውሃ የሌላት ሞተር ውስጥ ውሃ!

ጋሽ ምትኩ ደብተሩን አወጣ።

"ጋሼ፣ ይሄን አይጻፉ።"

"ያየሁትን ነው የምጽፈው።"

"ሞተሩ እኮ አልነከሰም! ቱቦ ነው የወጣው!"

"እሱንም ጽፌዋለሁ" አለ፣ ብዕሩን ሳያነሳ።

ዘጠኙ ሞተር ዓይኔ እያየ ከእጄ ሲሄድ ታየኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሼ ጎዳና ግን በጣቱ ነጩን ነገር ነካ፣ አሸተተ፣ ሳቀ። ልመታው ነበር።

"ልጄ፣ እናንተ የቆላ ሰዎች ጠላት ሙቀት ብቻ ይመስላችኋል። ይሄ ጉም ነው። ሞተርህ ጉም ተነፈሰች፤ ዘይትህ ስልሳ ላይ ሆኖ በምን አቅሙ ያድርቀው? የእኔ ወፍጮ እንኳ ጠዋት ጠዋት ባዶውን እየዞረ ካልሞቀ እህል አላጎርሰውም። አንተ ገና ከእንቅልፏ ሳትነቃ ሩጪ አልካት።"

አያችሁ፣ ስልሳ ብዬ ስጨፍር ነበር እኮ! ማቀዝቀዣ ሠራሁ እንጂ ማቀዝቀዣውን የሚያስቆም ነገር አልሠራሁም። ዘይት መሞቅም አለበት፤ ውሃውን አትንኖ የሚያወጣው ሙቀቱ ነው። ይሄንን አስረኛ ክፍል ድረስ ማንም አልነገረኝም፤ ዱቄት የለበሰ ሰውዬ ነገረኝ።

ጋሼ ጎዳና ከወፍጮው ዘይት ቀድቶ በጣሳ አመጣልኝ፣ ፎርቲ የሚባለውን ወፍራሙን። ልክፈል ስለው ተቆጣ፤ "ስትመለስ ወፍጮዬን ታይልኛለህ" አለ። የተበላሸውን ዘይት አፈሰስኩ፣ ቱቦውን በሁለት ፋሸታ፣ ማለት በብረት ማሰሪያ፣ አጠበቅኩት፣ በሽቦም ደገምኩት። እትዬ አስቴር ይሄን ሁሉ ቆማ ስታይ ቆየችና ወደ ጓሮ ሄደች። የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይዛ መጣች።

"ማቀዝቀዣ ያልከው የቱ ነው?"

"ይሄ ነው፣ እትዬ።"

"እዚህ አገር ቅቤ እንኳ ራቁቱን ገበያ አይወጣም" አለችና ልክ ቅቤ እንደምትጠቀልል አድርጋ፣ ግማሹን ሸፍና፣ በራሱ በእንሰቱ ገመድ አሰረችው። "ብርድ ሲበዛ ሙሉውን ሸፍን፤ ሲሞቅ ግለጥ።" ጨረሰች። መኪና የሚሠሩት ሰዎች ለዚህ ሥራ ቴርሞስታት የሚባል ዕቃ አላቸው። እኛ እትዬ አስቴር አለችን።

ዓርብ ስለሆነ ጋሽ ምትኩ ይጾማል። እሷ ሳይነግራት አውቃ ድንች ያለ ቅቤ ለብቻ ሠርታለታለች። በልተን፣ ሞተሯን በቀስታ አሙቀን፣ ወጣን። መርፌው ሰማንያ አምስት ላይ ተቀምጦ አልነሳ አለ። ጉሙ ይመጣል ይሄዳል፣ መርፌው ንቅንቅ የለም። ጋሽ ምትኩ በየማቆሚያው "ሰማንያ አምስት" እያለ ሲጽፍ ድምፁ እየተለወጠ መጣ። በመጨረሻ "ይቺ ሴትዮ መሐንዲስ ናት" አለ።

ከሰዓት በኋላ ካምባ ገባን። እኔ ካምባን ትንሽ መንደር አድርጌ ነበር የማስበው። ከተማ ነው፤ ገበያው ከእኛ ሲቀላ ገበያ ያነሰ ቢሆንም ጫጫታው አይተናነስም። ሞተሯን እንዳቆምን አንዲት ሴት ጋሽ ምትኩን አይታ እየሮጠች መጣች። ሰላማዊት ትባላለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

"ጋሽ ምትኩ! ሞተሬን አመጡልኝ?"

ቁጥር አራት የእሷ ነበረች። ከሞተች ጀምሮ የክትባት ሣጥን በትከሻዋ ይዛ በእግሯ ነው ማዶ ያለው ተራራ የምትወጣው። "ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው የምሄደው። ፀሐይ ካለ በረዶው ይቀልጥብኛል። መድኃኒቱ ሞቋል ብዬ ከነሣጥኑ የተመለስኩበት ቀን አለ፤ እናቶቹ ልጅ ይዘው እየጠበቁኝ" አለችን። ጋሽ ምትኩ ደብተሩን አወጣ፣ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

ቅዳሜ። ልንመለስበት የነበረው ቀን ነው። እኔ ግን ጠዋት ሰላማዊት ቤት ሄጄ "ሣጥኑን አምጪና ከኋላዬ ውጪ" አልኳት።

"ይቺ ትወጣዋለች?" አለች።

"እህቴ፣ አትሳደቢ።"

ጋሽ ምትኩ ገበያ ቀረ። እኔና እሷ፣ መሃላችን ሣጥኑ፣ ያንን ተራራ ጀመርነው። ከገረሴ ዳገት ይብሳል፤ መንገድ ሳይሆን የውሃ መውረጃ ነው። ቅጠሉን ገለጥኩ። መቶ፣ መቶ አስር፣ መቶ አስራ ስድስት። ንፋስ ያለበት ቦታ አፍንጫዋን አዙሬ አሳረፍኳት፣ ቀጠልን። ሰላማዊት ከኋላዬ ሆና ቤቶቹን ትቆጥርልኛለች፣ "እዚህ መንታ አሉ፣ እዚህ አንዲት እርጉዝ አለች" እያለች፤ ሰፈሩን በልጆቹ ነው የምታውቀው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረስን። ሣጥኑን ስትከፍት በረዶው ሳይቀልጥ እንደነበረ አለ። እናቶቹ ገና እየተሰበሰቡ ነበር፤ አንዷ በጋሞኛ "ዛሬ ምን በልታ ነው ቀድማን የመጣችው?" ስትል ሁሉም ሳቁ። ሰላማዊት እኔን ሳይሆን ሞተሯን ጠቆመች።

በሕይወቴ ብዙ ሰው "ጎበዝ" ብሎኛል፣ አብዛኛው ሊበደረኝ ፈልጎ ነው። ያን ቀን ማንም ጎበዝ አላለኝም። አንድ በአንድ ሲከተቡ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ሕፃናቱ ሲያለቅሱ ደስ አለኝ። እኔ ራሴ እንደዚህ ሆኜ አላውቅም።

እሁድ። ወደ ቤት። ገረሴ ላይ የጋሼ ጎዳናን ወፍጮ አየሁለት፤ ቀበቶው ላልቶ ነበር፣ አጠበቅኩት። እትዬ አስቴር አዲስ ቅጠል አሰረችልኝና ቁልቁል ወረድን። ቁልቁለት ላይ ሞተር አይለፋም፣ ቅጠሉ ሙሉውን ተሸፍኖ መርፌው ሰባ አምስት። እያዜምኩ ነው የምነዳው። ሜዳው ላይ ስንደርስ ያ የእኛ ሙቀት እንደ ዘመድ ጥምጥም አለብን። ቤቴ ደረስኩ ብዬ ጋዙን ሳብኩት። ሲሌን ልናልፍ ስንል ጋሽ ምትኩ ጀርባዬን በጃንጥላው ደበደበው።

"አንተ ልጅ! ቅጠሉ! መቶ ሃያ ስድስት!"

ረስቼዋለሁ! ቅቤ ጠቅልዬ እሳት ላይ ጥጄዋለሁ። ቆምን፣ ቅጠሉን ቀደድኩ፣ አፍንጫዋን ወደ ጫሞ ሐይቅ ንፋስ አዞርኳት። ሁለታችንም አጎንብሰን መርፌውን አየን። መቶ ሃያ። መቶ አስር። ዘጠና ስምንት። ጋሽ ምትኩ ኮቱን አውልቆ ግንባሩን ጠረገበት። "ዘይት እንዲህ ነገረኛ መሆኑን ባውቅ፣ ዘጠኙን ስረከብ ዝም አልልም ነበር። ስንት ጊዜ ዘይት እንደተቀየረላቸው ታውቃለህ?"

"ስንት ጊዜ?"

"ከሣጥን ሲወጡ በነበራቸው ዘይት ነው የሞቱት" አለ።

ማታ ሲቀላ አሳ በላን። እሱ ከፈለ። ሞተሯ በር ላይ እየበረደች ጠቅ ጠቅ ትላለች፣ የሞቀ ብረት ሲሰበሰብ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከዚህ የተሻለ ሙዚቃ ካለ አምጡ።

ሰኞ። ሴቻ፣ ቢሮ። ጋሽ ምትኩ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበ፦ የሄድንበትን፣ መርፌው የነበረበትን፣ የገረሴውን ቱቦም ሳይቀር። እሱም ደግ አደረገ፤ ያልተደበቀ ነገር ነው የሚታመነው። መጨረሻ ላይ "የዘይቱ ሙቀት በጉዞው ሁሉ ከመቶ ሃያ ስድስት አላለፈም። ሞተሩ አልነከሰም። ዘጠኙ ሞተሮች ለዚህ ባለሙያ ቢሰጡ" ብሎ ፈረመ። ባለሙያ። እኔን ነው።

ኃላፊው ሪፖርቱን አገላበጠ፣ አልሳቀም። "ጥሩ ነው። የብቃት ማረጋገጫ ሰርተፊኬትህስ?"

"የለኝም።"

"ያለ ሰርተፊኬት የመንግሥት ንብረት ማስነካት አልችልም። ይገባሃል አይደል?"

"ቃልዎስ?" አልኩት።

"መመሪያ አለ" አለና ስልኩን አነሳ። ጋሽ ምትኩ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶለት ከእኔ ጋር ወጣ። ማንጎው ሥር ቁጥር አራት ጋ ቆምን፤ ሳር በጎማዋ መሃል በቅሏል።

እንግዲህ እኔ ካምባ ደርሼ መጥቻለሁ። ዘይቴ አልፈላም፣ ሞተሬ አልነከሰም፣ ሰውም ክትባትም ጭኜ ወጥቼ ወርጃለሁ። ሰላማዊት ግን ዛሬም በእግሯ ናት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፣ እናንተ ወንበሩ ላይ ያላችሁት፦ እኔ ሞተሮቹን ላድን ብል ሰርተፊኬት ጠየቃችሁኝ፤ እናንተ ዘጠኙን አንድ በአንድ ስትገድሏቸው ሰርተፊኬት የጠየቃችሁ ማነው?